በቆዳው መጋዘን ሰላምታ የመለሰው

ወላሂ ብዬ ልጀምር?

ወላሂ... ይህ ነገር ሆኗል። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ እዚያው በእግሬ ቆሜ ነበር።

ዓፊያ እባላለሁ። ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሻሽና ጨርቅ እሸጣለሁ። የጂን ወሬ ሲነሳ "አለ፣ ቁርኣንም ይላል፤ ግን እኔ ሱቅ ምን ሊገዛ ይመጣል?" ብዬ ወሬውን የምቆርጥ ሴት ነኝ።

ነበርኩ።

ጊዜው ግንቦት 2006 ነው። ቅዳሜ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ልብ በሉ... ሌሊት አይደለም። ዙሁር ተሰግዶ ሰው ወደየቤቱ ገብቷል። ባጃጆች እንኳን ሙቀቱን ሸሽተው ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። እንዲህ ባለ ፀሐይ ሰው ላብ እንጂ ፍርሃት ያልበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቦታው ከገበያው ጀርባ ያለው የድሮ ቆዳ መጋዘን ነው። ነጋዴዎቹ ከተዉት ቆይቷል። ያልተነሳ የደረቀ ቆዳ ግን ጥግ ላይ እንደተከመረ አለ፤ የጨውና የቆዳ ሽታውም ከግድግዳው አልወጣም።

እዚያ ውስጥ ታናሽ እህቴ ሰልማ ነበረች። ከአንድ ብረት ጋር።

ነገሩ ወዲህ ነው...

ሰልማ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ተራራ ላይ ሊተከል ለታሰበ የኮከብ መመልከቻ ቴሌስኮፕ መሣሪያ እየሠራች ነበር። "ስፔክትሮግራፍ" ነው ስሙ። መጀመሪያ ስትነግረኝ ምላሴ ተሳሰረ። ሥራው ግን ለኔም ገብቶኛል። ከዋክብት በዓይናችን የማናየው የሙቀት ብርሃን ይልካሉ፤ መሣሪያው ያንን ተቀብሎ በየቀለሙ እየለየ ያነበዋል።

ችግሩ፣ ትንሽ ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ያን ብርሃን ይረጫል። ሰውም፣ ግድግዳም፣ መሣሪያው ራሱም።

"ፋኖስ ዓይንሽ ሥር አንጠልጥለሽ ኮከብ መቁጠር ትችያለሽ እቴ?" አለችኝ። "ለዚህ ነው ውስጡ መቀዝቀዝ ያለበት። በረዶ ከሱ ጋር ሲነጻጸር እሳት ነው።"

ስለዚህ የመሣሪያው ሆድ ዕቃ ሁሉ ወፍራም የብረት በርሜል ውስጥ ታሽጎ፣ አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል። ፊት ለፊቱ ላይ ከመዳፍ ትንሽ የምትሰፋ የመስታወት መስኮት አለችው። ከውስጥ ሆና በዚያች መስኮት ወደ ውጭ የምታይ ካሜራ አለች፤ ያየችው ነገር ላፕቶፕ ላይ ይመጣል። የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው።

ለምን ከሚሴ ድረስ አመጣችው? በናይትሮጅኑ ምክንያት ነው። በኛ አገር ያ ነገር ለኮከብ ሳይሆን ለከብት ነው የሚመጣው፤ የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በሱ ውስጥ ነው። የሚያዞረው ጀይላን ነው፣ የሠፈራችን ልጅ፣ የከብት አዳቃይ። ጨፋ ሜዳ ላይ በሱ እጅ ያልተጀመረ ጥጃ የለም እያልን እንቀልድበታለን። አለቆቹን አስፈቅዶ ለሰልማም ያመጣላት ጀመር።

ገበያተኛው መቼ አስቀመጠኝ!

"ዓፊያ፣ እህትሽ ኮከብ ልታዳቅል ነው አሉ?"

"አዎ፣ መንታ እንዲወለድልን ዱዓ አድርጉ" እላለሁ።

ጀይላን መጋዘኑ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነበር። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ሰልማ አቧራ ስለምትጠላ የሁላችንም ጫማ እዚያ ነው የሚቀረው። ከዚያ አንድ ድንጋይ አንከባሎ በሩን ክፍት አድርጎ ያስደግፈዋል። ከዚያ ሰው ኖረም አልኖረም ወደ ውስጥ "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላል። ባዶ ቤት ሲገባም ሰላም ማለት ከአባቱ የወሰደው ነው።

"ማን እንዲመልስልህ ነው?" ትለዋለች ሰልማ እየሳቀች።

"የሚመልስ አይጠፋም" ይላታል።

በድንጋዩ ግን ተጣልተዋል። ሰልማ በሩ እንዲዘጋ ትፈልጋለች፤ የጨፋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ መሣሪያውን ያበላሽባታል። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ደፍናለች። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ቆዳ ትጠቀጥቀዋለች። አንድ መስኮት ነበር፤ እሱንም በቆርቆሮ መዝጊያ ዘግታ የበርሜሉን ማቆሚያ ከፊቱ ተከለችው።

"ሰልማ፣ ሀደራ! በልበላ በኒ!" ይላታል ጀይላን። በሩን ክፈቺው ማለቱ ነው። "ይሄ ነገር ሲተን የቤቱን አየር ያባርራል። እኛ ሜዳ ላይ ነው የምንከፍተው።"

"ጥቂት ነው የሚተነው፣ አስልቼዋለሁ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የተማረ ሰውም እንዲሁ ነው።

አንድ ቀን ሳያት ብሄድ መሣሪያውን አሳየችኝ። በርሜሉ ከመጋዘኑ መጨረሻ ሆኖ ወደ በሩ ያያል። ግድግዳው ላይ መዳፌን አሳርፌ እንድቆይ ነገረችኝ። ከዚያ መጥቼ ላፕቶፑን ሳይ ክው አልኩ። እኔ እዚህ ነኝ፤ እጄ ግን እዚያ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

"ሙቀትሽ ነው" አለችኝ። "ቀስ ብሎ ይጠፋል።"

ጠፋ።

እጄን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ። መዳፌ ነጭ ሆኖ ታየ። ገለበጥኩት። የእጄ ጀርባም ነጭ ነው፤ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ግን ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

"ይሄስ?"

"ጥፍርሽ። ጥፍር ከሥጋ ይቀዘቅዛል። መዳፍሽን ስታሳዪው አይታይም፣ ጀርባውን ስታሳዪው ይታያል።"

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ያን ቅዳሜ... ሰኞ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። መሣሪያው እስከዚያ ቀዝቅዞ ከቆየ ሥራው ይቀጥላል። ከሞቀ፣ የሦስት ዓመት ልፋቷ አፈር በላ ማለት ነው። ሰልማ ምግብ መብላት ካቆመች ሰንብታለች።

ዙሁር ልትሰግድ ወጣች። ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ድንጋዩ ተደግፏል። የጀይላን ሞተር ደጁ ላይ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆሟል። አቧራው በበሩ እየገባ ይጫወታል።

ደሟ ፈላ። ቀድቶልኝ ምሳውን ሊበላ ገበያ ገብቷል ብላ አሰበች። ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ በሩን ዘጋችው። ቆዳውን እየጎተተች ከበሩ ሥር ጠቀጠቀች።

ከበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ በኩል ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ሻማ ለኮሰች። መሣሪያውን የምትፈትነው በሻማ ብርሃን ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

ሻማዋ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆና ትታያለች። ግድግዳው ጥቁር ነው።

ከሻማዋ ጎን... እጅ አለ።

ትኩስ። አሁን ያረፈ የሚመስል።

ሱቅ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ።

"እቴ..." ድምጿ አይሰማም። "ኮቱ። ደፊ።"

ነይ፣ ቶሎ በይ ማለቷ ነው። ሰልማ አማርኛዋን ትታ በልጅነታችን ቋንቋ ከጠራችኝ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ሮጥኩ።

ሞተሩን አየሁት። ድንጋዩንም አየሁት፤ ከቦታው ተንከባሎ ተጋድሟል። በሩን ገፋሁት። ሰልማ ከውስጥ ሳበችኝና ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

ጫማዬን አውልቄ ቆዳው ላይ ስቆም ከሥሩ የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ልብ አላልኩትም።

ልብ ያልኩት ቅዝቃዜውን ነው። በዚያ ሙቀት... እግሬን በረደኝ። ፊቴ ይሞቀኛል፣ እግሬን ይበርደኛል።

"ጀይላን እዚህ ነው?"

"ሄዷል። ዝም በይና ነይ እዪ።"

ስክሪኑ ላይ እጅ። ጣቶቹ ተዘርግተዋል። እያየነው ደበዘዘ... ግራጫ ሆነ... ጠፋ።

ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ ወጣ።

"አዑዙ ቢላህ" አልኩ።

"እቴ፣ ዓይንሽን አንሺና ግድግዳውን እዪ።"

አየሁ። ሻማዋ ታበራለች። ግድግዳው ላይ ማንም የለም።

ፈራሁ። ግን እኔ ታላቅ ነኝ፤ ታላቅ ሲፈራ ታናሽ ይሞታል። ሄድኩ። በእጄ እየዳበስኩ "እዚህ ጋ ነው?" አልኳት።

"ትንሽ ወደ በሩ... አዎ። እጅሽ እጁ ላይ ነው።"

የግድግዳው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ምንም ሙቀት የለውም።

"ሰልማ... እዚህ ምንም የለም።"

ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

"ሰልማ?"

"ወረደ" አለች። "ወደ በሩ እየሄደ ነው። አሁን... እግርሽ ጋ ነው እቴ። ቆዳው ላይ።"

 የስልኬን መብራት አበራሁና ቆዳውን በእግሬ ጣት ገፋ አደረግኩት።

ከሥሩ ጫማ አለ።

የወንድ ጫማ። ተረከዙ የተረገጠ፣ እበት የነካው።

ያን ጫማ ከሚሴ ውስጥ የማያውቀው የለም።

"ሰልማ..." አልኩ። "ጀይላን በባዶ እግሩ ነው ገበያ የሄደው?"

ጫማውን አየችው።

በግንቦት ፀሐይ፣ በዚያ በሚፋጅ መሬት፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ሰልማ በንዴት ቆዳውን ስትጎትት ጫማውን ሸፍናዋለች። በሩን የዘጋችው ሰውየው ውስጥ እያለ ነው።

በዚያች ቅጽበት ሻማዋ ጠፋች።

ነፋስ የለም። ማንም እፍ አላለባትም። ራሷን ዝቅ ዝቅ አደረገችና ጠፋች።

"ናይትሮጅኑ!" ሰልማ ጮኸች። "ፈሷል! እቴ እንዳትጎነበሺ! ከታች አየር የለም፣ በሩን ክፈቺ!"

በሩን በሁለት እጄ ሳብኩት። ብርሃንና ሙቀት ገባ። ግን አንድ በር ብቻውን ነፋስ አያሳልፍም። ማዶ ያለው መስኮት መከፈት አለበት። መስኮቱ ፊት ደግሞ በርሜሉ ቆሟል።

ሰልማ በርሜሉን አየችው።

ፊቷን አልረሳውም። እናት ከሁለት ልጆቿ አንዱን ምረጪ ስትባል እንዲያ ትሆናለች። ግን ልምላችሁ፣ ብዙ አላሰበችም። የጀይላን ሚስት ረቢአ ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነበር፤ ሰልማ ጠዋት ነው ሆዷን ዳብሳ የመጣችው።

ትከሻዋን ሰጥታ ገፋችው።

በርሜሉ ወደቀ። መስኮቷ ወደ ታች ተደፍታ መሬት ላይ የተነጠፈው ቆዳ ላይ አረፈች። ቧንቧው ተሰበረና አየር ወደ ብረቱ ውስጥ እያፏጨ ገባ... ረጅም ፉጨት። ሰው ትንፋሽ ሲስብ እንደሚሰማው ዓይነት።

ሰልማ የቆርቆሮውን መዝጊያ ገነጠለችው። የጨፋ ነፋስ ከነአቧራው መጋዘኑን አቋርጦ አለፈ። ተመስገን ያልኩበት አቧራ እሱ ብቻ ነው።

"የት ነው ያለው? ጀይላን!"

ላፕቶፑ ላይ መጨረሻ ያየችውን አስታወሰች። "ሻማዋ ስትጠፋ እጁ ከበሩ ወደ ቆዳው ክምር ዞሮ ነበር" አለች።

ከክምሩ ጀርባ አገኘነው። ቆዳው ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ በጎኑ ተጋድሟል፤ ወለሉ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም። የናይትሮጅኑ ጋን አጠገቡ ተገልብጦ ነጭ ጭስ መሬት ለመሬት ይሳባል። ትንፋሻችንን ይዘን እየጎተትን ኒሟ ሥር አወጣነው።

ከንፈሩ ጠቁሯል።

ሰልማ ደረቱን ስትጫነው፣ እኔ ስሙን ስጠራው... አንድ ጊዜ ተንፈራገጠና ሳለ።

"አልሃምዱሊላህ!" ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩም። ባጃጅ ነጂዎቹ ውሃ ይዘው ሮጡ።

ያኔ ነው እጁን ያየሁት።

ጓንት አድርጓል። ናይትሮጅን ሲቀዳ የሚያደርገውን ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ እስከ ክርኑ ድረስ። በዚያ ጓንት የጣት ሙቀት አያልፍም።

ሰልማም አየችው። ተያየን።

"ጀይላን" አለችው ቀስ ብላ። "ግድግዳውን ነክተሃል?"

"የቱን ግድግዳ?"

"ከበሩ አጠገብ ያለውን።"

"ኧረ አልነካሁም። እንደገባሁ ነው የወደቅኩት።" ውሃውን ጠጣና ዓይኑን ጨፈነ። "ድንጋዩን አስደገፍኩ። ሰላም አልኩ። ስትመልሺልኝ ውስጥ ያለሽ መሰለኝና ወደ በርሜሉ ሄድኩ... የለሽም። ስዞር ጋኑ ከጄ ወደቀ።"

"ምን ስመልስልህ?"

"ወዓለይኩም ሰላም አላልሽኝም?"

"እኔ መስጂድ ነበርኩ።"

ጀይላን ዓይኑን ገለጠ። ለረጅም ጊዜ የመጋዘኑን በር አየ።

"ታዲያ" አለ በሹክሹክታ፣ "ከብረቱ ውስጥ ማን ነው የመለሰልኝ?"



ሰኞ ገምጋሚዎቹ መጡ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሰው ለማዳን የሆነ ስለሆነ አይፈረድባትም አሉ። "ብረቱን ክፈቺውና ጉዳቱን እንይ። ውስጡ ከተረፈ ሥራሽ ይቀጥላል" አሏት።

መፍቻውን አነሳች። ብሎኑ ላይ አስገባችው።

ቆመች።

መፍቻውን አስቀመጠችና "አልከፍተውም" አለች።

ለመኗት። ተቆጧት። ሥራው ከእጅሽ ይወጣል አሏት። "ይውጣ" አለች። እኔም በልቤ ተቆጣሁ፤ ለዚህ ብረት ስንት እንቅልፍ ያጣች ልጅ! በመጨረሻ በርሜሉን እንደታሸገ ኢሱዙ ላይ ጭነው ወሰዱት። የት እንዳስቀመጡት አላውቅም። ይክፈቱት አይክፈቱት አላውቅም።

ጀይላን ዳነ። ረቢአ ሴት ልጅ ወለደች። እሱ ግን ዛሬም ባዶ ቤት ሲገባ ሰላም ይላል፤ ካለ በኋላ ደፉ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

ሰልማን ያን ሰኞ ማታ ቤት ስንገባ ጠየቅኳት።

"ለምን አልከፈትሽውም? እጁ እኮ ጀይላንን አሳየን። ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ ያድነው ነበር?"

"እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት" አለች። "በሩን ያስከፈተን ለጀይላን ብሎ ነው ብዬ። በርሜሉን ያስገፋኝም ለሱ ብሎ ነው ብዬ።"

ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችው።

በርሜሉ ወድቆም ካሜራዋ ትንሽ ሠርታ ነበር። ሙቀቱ ገብቶ ስክሪኑ ሁሉ ነጭ ከመሆኑ በፊት የመጨረሻዋን ሥዕል አንስታለች። አስታውሱ፤ ያኔ መስኮቷ ቆዳው ላይ ተደፍታ ነበር። ከውጭ በኩል ወረቀት እንኳን አይገባም።

ሥዕሉ ላይ እጅ አለ። ጣቶቹ ተዘርግተው መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል፤ የሚገፋ እጅ እንደሚሆነው ጫፋቸው ተጨፍልቋል።

ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

ጥፍሮቹ ናቸው። ካሜራዋ ከውስጥ ሆና ያየችው መዳፉን አይደለም፣ ጀርባውን ነው።